በባትሪዋ አውቶብስ ላይ «ወራጅ አለ!» ያለው ሰው

እኔ ከድር የጅንና የመንፈስ ወሬ ሲነሳ ቀድሜ የምስቅ ሰው ነበርኩ፣ ሃያ ዓመት መሪ ጨብጬ ከሰውና ከሰው ዕቃ በቀር ምንም ጭኜ አላውቅም፣ እና ወዳጄ፣ ይህን ስነግርህ ራሴም እያፈርኩ ነው፣ ግን ሆኗል።

ያን ጊዜ ማኅበራችን በባትሪ የምትሄድ አንዲት አውቶብስ ለሙከራ አስመጥቶ ነበር፣ ከበረታች ሌሎችም ለሆሳዕና ከተማ ሊገዙ፣ መሪዋንም ለኔ ሰጡኝ። ጭስ የለ፣ ድምፅ የለ፣ እመነኝ ኋላ የተቀመጠ ሰው ሲያዛጋ ይሰማሃል። ያሠለጠነኝ መካኒክ «ቁልቁለት ላይ ማርሽ እንዳታወጣ፣ ሞተሯ ራሷ ትይዝልሃለች፣ ባትሪዋንም ትሞላለች» ብሎኛል። እኔ ግን ናፍጣ ለመቆጠብ ቁልቁለት በመጣ ቁጥር ማርሽ አውጥቼ መኪናውን በፎሌ ስለቅ የኖርኩ ሰው ነኝ፣ የለመደች ጦጣ ሁልጊዜ ሽምጠጣ፣ ባትሪም እንደ ናፍጣ የሚቆጠብ መሰለኝ።

አንድ ጠዋት አውቶብሷን በግማሽ ሞልተን ከዶዮገና ወደ ሆሳዕና ተነሳን፣ ጉሙ የመንገዱን ዳር እንሰት እንኳ አያሳይም። ቁልቁለቱ ጫፍ ላይ ማርሹን አወጣሁና አልፎ አልፎ በፍሬን ብቻ እየያዝኩ መውረድ ጀመርን። ትንሽ እንደሄድን ከኋላ ሳል ሰማሁ፣ ቀጥሎ ከረጢት ሲጎተት፣ ቀጥሎ በመተላለፊያው ቀስ ያለ እርምጃ፣ በመስታወት ባይ የቆመ ሰው የለም። ከዚያ የሽማግሌ ድምፅ፣ ረጋ ብሎ፣

«ወራጅ አለ!»

እዚህ ገደል ላይ ምን ቤት አለው ብዬ ተናደድኩ፣ ግን ወራጅ ካለ ይቆማል፣ ፍሬኑን ረገጥኩት፣ ግሎ ኖሮ እግሬ እስከ ወለሉ ሰመጠ። ከፊቴ ኩርባ አለ፣ ከኩርባው ሥር ድልድይ። ያኔ የመካኒኩ ነገር ትዝ ብሎኝ ማርሹን መለስኩት፣ ሞተሯ እያቃሰተች ያዘችን፣ የእጅ ፍሬን ጨምሬ ኩርባው አፍ ላይ ቆምን።

እንደ ልማዴ በሩን ከፈትኩ። ደረጃው ሲጥ አለ፣ አውቶብሷም ከባድ ሰው ሲወርድ እንደሚያደርጋት ትንሽ ከፍ አለች።

ትኬት ቆራጯ ዓለሚቱ በሩ ጋ ቆማለች፣ «ጋሼ ከድር፣ ማን ነው የሚወርደው?» አለችኝ።

«አንቺ ነሽ እንጂ የምታውቂው!»

ተሳፋሪው ተያየ፣ ድምፁን ሁሉም ሰምቷል፣ እኔ ነኝ ያለ ግን የለም። የኋላ ወንበር ላይ የነበሩ አንዲት እናት ብቻ «አጠገቤ የነበረው ሰውዬ ነው፣ ወረደ እኮ» አሉ።

«እናታችን፣ እርስዎ አጠገብ ሰው አልነበረም» አለች ዓለሚቱ።

«እንዴት አልነበረም? ትከሻው ሲያሞቀኝ ነው የመጣሁት፣ አሁን ጎኔን በረደኝ።»

አልዋሽህም፣ መሪው ላይ ተደፍቼ አለቀስኩ፣ በፍርሃት ሳይሆን በደስታ፣ ያ ድምፅ ባይጠራኝ ኖሮ ፍሬን እንደሌለኝ የማውቀው ኩርባው ውስጥ ከገባሁ በኋላ ነበር። አልሃምዱሊላህ፣ ያ ሁሉ ሰው ቤቱ ገባ፣ እኔም ልጆቼን አቀፍኩ።

ማንም ይሁን ማን፣ በሰላም ይግባ እላለሁ። ግን ከዶዮገና ስንነሳ ዓለሚቱ ያስገባችውን ሰው በሙሉ ታውቀዋለች፣ መንገድ ላይም አንድም ቦታ አልቆምንም፤ የት እንዳወረድኩት አውቃለሁ፣ የት እንደተሳፈረ ግን እስከ ዛሬ የነገረኝ የለም።