በፕሮፌሰሩ ኪስ የተገኘው እርሳስ

ፕሮፌሰሩ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ተኩል ላይ፣ ቢሯቸው ካለው አሮጌ ሶፋ ላይ ተንጋለው፣ ግራ ክንዳቸው ላይ ግሉኮስ እንደተሰካ ሞተው ተገኙ። ያገኘቻቸው ጸሐፊያቸው ናት። የሚፈረም ወረቀት ይዛ ገብታ «ፕሮፍ» ብላ ሁለት ጊዜ ጠራቻቸው፤ ከዚያ ጮኸች። ጩኸቱን ሰምቶ የሮጠው ሁሉ ሐኪምና ነርስ ነበር። ያ ሁሉ የተማረ ሰው ተረባርቦ አንዲት ትንፋሽ ሊመልስላቸው አልቻለም።

ሐኪም ሲታመም ካርድ አያወጣም፤ የዚያ ሆስፒታል ያልተጻፈ ሕግ ነው። በሽተኛውን «ለምን ቶሎ አልመጣህም» ብሎ የሚቆጣው ሐኪም፣ የራሱን ሆድ ሲቆርጠው ቢሮውን ዘግቶ፣ አንዱን ታናሽ ጠርቶ ግሉኮስ ያሰካና ወረቀቱን ሲያገላብጥ ይውላል። ፕሮፌሰሩም ሆዳቸው ቢያስቸግራቸው ያደረጉት ይህንኑ ነው። ለራስ ሲሆን ሁሉም ያው ነው።

መርማሪዋ ስትደርስ አስከሬኑ ገና አልተነሳም ነበር። ሃምሳን የተሻገረች አጭር ሴት ናት፤ ባልደረቦቿ በሌለችበት «ወይዘሮ ለምን» ይሏታል። ፊቷ ላይ የሚደፍር የለም፣ «ለምን?» ትላለችና። ሟቹን ከእግር እስከ ራስ አየቻቸው። ከዚያ ወደ ጋውናቸው ደረት ኪስ ጎንበስ አለችና የጣት ግማሽ የምታህል፣ ጫፏ በጥርስ የተቀጠቀጠ እርሳስ አወጣች።

ጠረጴዛው በወረቀት ተሞልቷል። ፊርማው፣ እርማቱ፣ ቁጣው ሳይቀር በአረንጓዴ ቀለም ነው። አረንጓዴ ብዕር ግን የትም የለም።

«ፕሮፌሰሩ በእርሳስ ይጽፉ ነበር?» ስትል ጸሐፊዋን ጠየቀች።

«እሳቸው? በአረንጓዴ ብዕራቸው ካልሆነ የገዛ ስማቸውንም አይጽፉም።»

«ታዲያ ይሄ የማን ነው?»

ጸሐፊዋ እንባዋን ጠርጋ አየችው። «የእሷ ነዋ! የእርሳስ።»

እርሳስ የሰው ስም ነው፤ ማለት፣ ቅጽል ስም። ልጅቷ የሕክምና ትምህርቷን ጨርሳ ፈተናዋን አልፋለች። ዩኒቨርሲቲዋ ግን ውጤት አጸድቃለሁ እያለ ምርቃቱን አምስት ወር አጓተተው። ፕሮፌሰሩ የሐኪም እጥረት አንገታቸው ላይ ደርሶ ነበርና ሳትመረቅ በራሳቸው ኃላፊነት ሬዚደንት፣ ማለትም እየሠራ የሚሠለጥን ሐኪም፣ አድርገው አስገቧት። አንድ ሕግ ብቻ አወጡላት፤ እስክትመረቅ ካርድ ላይ የምትጽፈው በእርሳስ ይሆናል፣ ፈቃድ ያለው ሐኪም አይቶ በብዕር ይደግምበታል። በሳምንቱ መላው ክፍል እርሳስ ይላት ጀመር። በፍቅር እንዳይመስላችሁ። ጥርሱን ያልነከሰባት አልነበረም።

መርማሪዋ ከቆሻሻ ማጠራቀሚያው ውስጥ አንድ መርፌና ሁለት ባዶ አምፑሎች፣ አንገታቸው ተሰብሮ የሚከፈቱ የመድኃኒት ብልቃጦች፣ አገኘች። በውስጣቸው የነበረው፣ በብዙ ውሃ ቀስ ተብሎ ካልተሰጠ ልብ ቀጥ የሚያደርገው ፖታሲየም ነው። የአንደኛው አምፑል አንገት ተፈረካክሷል፤ በስለቱ ላይ የደረቀ ደም አለ። መርማሪዋ ሁለቱንም አሽጋ ለምርመራ ላከች።

የክፍሉ መድኃኒት ቁም ሳጥን ላይ ደብተር በክር ታስሯል፤ የወሰደ ሁሉ ይጽፍበታል። በብዕር ከተጻፉት መስመሮች መሀል አንዱ በእርሳስ ነው። «4፡05። ፖታሲየም፣ ሁለት አምፑል። ለአልጋ 8።» ከጎኑ የልጅቷ ፊርማ ተሞነጫጭሯል።

«ይኸው!» አለች የክፍሉ ኃላፊ ነርስ፣ ሁሉም ሲስተር የሚሏት ግዙፍ ሴት። «ምን ትፈልጊያለሽ ከዚህ በላይ? የቸኮለ አፍስሶ ለቀመ ይባላል። እሷ ያፈሰሰችው ግን የማይለቀም ነው።»

«ለምን ትገድላቸዋለች? ያስገቧት እሳቸው አይደሉም እንዴ?»

«ትናንት በኮሪደሩ ሲጮኹባት በሰማሽ ኖሮ! መድኃኒት ስታዝ አንድ ዜሮ ብትጨምር 'አንቺ ልጅ፣ ሰው ልትገድይብኝ ነው?' ብለው አዋረዷት። እንዲያውም ከመጀመሪያው ቦታው የእሷ አልነበረም። የፕሮፌሰሩ ምክትል ልጅ በሥርዓት ተመርቃ፣ ያንን ቦታ ስትጠብቅ ዓመቷ ነው። ቤቷ ተቀምጣለች፣ የኔ ምስኪን።»

«ዛሬ ጠዋት አልጋ ስምንት ላይ ማን ነበረ?»

ሲስተር አፏን ከፍታ ዘጋችው። «ማንም። በሽተኛዋ፣ ራውንድ ብለን አልጋ ለአልጋ መዞር ስንጀምር፣ ሦስት ሰዓት ላይ ተሰናብታ ሄዳለች።»

መርማሪዋ ወደ ዋናው ሬዚደንት አለፈች። ዓይኑ በእንቅልፍ እጦት የቀላ ጎልማሳ ነው። ለተጠየቀው ሳይሆን ለቂሙ ነበር የሚመልሰው።

«እኔ ሦስት ዓመት ለፍቼ እዚህ ደረስኩ። እሷ ገና ወረቀቷን ሳትይዝ እኩል ልትቆም! ዛሬማ ጭራሽ ይባስ ብሎባት በራውንዱ ላይ በአረንጓዴ ብዕር ካርድ መጻፍ ጀመረች። 'ማን ፈቀደልሽ?' ስላት 'ፕሮፌሰሩ' አለችኝ። ሲስተርም አይታለች።»

«በራውንዱ ላይ ሌላ ማን ነበር?»

«ሦስታችን ነን። አራት ሰዓት ገደማ ሲስተር ስልክ ልታነጋግር፣ እኔ ኤክስሬይ ላይ፣ እሷ ላቦራቶሪ ወጣ ብለን ተመልሰናል። ምክትላችን እስከ ሦስት ሰዓት ከሃምሳ ወዲያኛው ሕንጻ ላይ ያስተምሩ ነበር።»

ምክትሉ መርማሪዋን በቢሯቸው ተቀበሏት። ሽቶ የነካው ክራቫት፣ የተወለወለ ጫማ፤ ቀኝ እጃቸውን ከጋውናቸው ኪስ አላወጡም።

«አንድ ነገር ልንገርዎት» አሉ። «ሳይመረቁ ሬዚደንት መሆን ማለት ሳይማሩ አውሮፕላን ማብረር ነው። ለፕሮፌሰሩ ደጋግሜ ነግሬያቸዋለሁ። በዚህ ክፍል በእርሳስ የሚጽፍ አንድ ሰው ብቻ ነው። ዛሬም የምትጽፈው በእርሳስ ነው። ታዲያ ደብተሩ ላይ ያለው ጽሕፈት የማን ሊሆን ነው?»

«ካስተማሩ በኋላ የት ሄዱ?»

«እዚሁ። ጩኸቱን እስክሰማ ከቢሮዬ አልወጣሁም።»

«ስልክ ቁጥርዎን ይጻፉልኝ እስቲ።»

ምክትሉ ጥቂት አመነቱና እጃቸውን አወጡ። አውራ ጣታቸው ላይ ፕላስተር ተለጥፏል።

«ምን ነካዎት?»

«ወረቀት ቆረጠኝ።»

ልጅቷን ከነርሶች ልብስ መቀየሪያ ክፍል አስቀምጠው በሯ ላይ ፖሊስ አቁመዋል። ጉልበቷን አቅፋ ተቀምጣ ነበር። መርማሪዋ እርሳሷን ስታሳያት ልጅቷ ተንሰቀሰቀች።

«ግሉኮሱን የሰካሁላቸው እኔ ነኝ» አለች። «ሁለት ሰዓት ከሩብ ላይ። ከዚያ እርሳሴን ከእጄ ወስደው ኪሳቸው ከተቱና ብዕራቸውን ሰጡኝ። 'የዩኒቨርሲቲሽ ደብዳቤ አሁን ደረሰ፤ ውጤትሽ ጸድቋል፤ ቦታውም የአንቺ ነው' አሉኝ። 'ምሳ ሰዓት ስብሰባ ላይ ራሴ እስክናገር ለማንም ትንፍሽ እንዳትዪ' ብለውኝ ነበር።»

«ሞተዋል እኮ። ለምን አልተናገርሽም?»

«ማን ይሰማኛል? ገና ጸሐፊዋ ስትጮህ ሁሉም ወደኔ ነው የዞሩት።» አፍንጫዋን በጋውኗ እጅጌ ጠረገች። «የምመረቀው ቅዳሜ ነው። ዛሬ ካሰራችሁኝ ሰባት ዓመቴ አለቀለት። በኋላ ነጻ ነሽ ብትሉኝ እንኳ ማንም በሽተኛ አያስነካኝም።»

መርማሪዋ የጠየቀችው አንድ ነገር ብቻ ነው። «እጆችሽን አሳዪኝ።» ልጅቷ ዘረጋቻቸው። ጭረት እንኳ አልነበረባቸውም።

ደብዳቤው በፕሮፌሰሩ መሳቢያ ውስጥ ተገኘ። መዝገብ ቤቱ ሁለት ሰዓት ላይ እንደተቀበለው ማኅተሙ ይናገራል።

ስምንት ሰዓት ላይ ሁሉም በክፍሉ መሰብሰቢያ አዳራሽ ተጠሩ። ሲስተርና ሬዚደንቱ ጎን ለጎን፣ ምክትሉ በጠረጴዛው ራስ በፕሮፌሰሩ ወንበር ላይ። ወንበሩን ማንም አልሰጣቸውም፤ ራሳቸው ናቸው የተቀመጡበት። ልጅቷ ከበሩ አጠገብ ብቻዋን ቆማለች፤ ወንበር የሳበላት የለም።

«ለምን አስረው አይወስዷትም?» አሉ ምክትሉ። «በሽተኞች ይጠብቁናል።»

«አልቆይም» አለች መርማሪዋ፣ ደብተሩንም ጠረጴዛው ላይ አኖረች። «ይህን መስመር የጻፈው ሰው የፈለገው አንድ ነገር ነው፤ 'እርሳስ ናት' እንድንል። እሷ ብትሆን ኖሮ ለምን የገዛ ምልክቷን ትታ ትሄዳለች? ይህን እንኳ ልለፈው። ካርዶቹን አይቻለሁ። እስከ ትናንት የጻፈችው ሁሉ በእርሳስ ነው። ዛሬ ግን ከራውንዱ መጀመሪያ አንስቶ በአሥራ አራት ካርድ ላይ የጻፈችው በአረንጓዴ ብዕር ነው። ፕሮፌሰሩ እርሳሷን ወስደውባታል፤ ኪሳቸው ውስጥ ነው ያገኘሁት።»

«ሌላ እርሳስ አይጠፋም!» አለ ሬዚደንቱ።

«አይጠፋም። ግን አንተና ሲስተር በብዕር ስትጽፍ አይታችኋታል፤ አንተማ ተጣልተሃታል። ከሁለታችሁ አንዳችሁ ልታስይዟት ብትፈልጉ በአረንጓዴ በጻፋችሁ ነበር። ዛሬ በእርሳስ መጻፍ እሷን ነጻ ማውጣት ነው። ደግሞም ሦስታችሁም አልጋ ስምንት ባዶ መሆኑን ታውቃላችሁ፤ በሽተኛዋን አብራችሁ ነው የሸኛችኋት። ለሌለ በሽተኛ መድኃኒት የሚያዘው በራውንዱ ላይ ያልነበረ ሰው ነው።»

ሲስተር ቀስ ብላ ፊቷን ወደ ጠረጴዛው ራስ አዞረች።

«ሲስተር፣ በቀን ስንት አምፑል ትሰብሪያለሽ?»

«ሠላሳ። አርባ።»

«እጅሽን ይቆርጥሻል?»

«ምን በወጣኝ! ጀማሪ ተማሪ ነኝ እንዴ?»

«ሬዚደንቱም ይሰብራል፣ ልጅቷም ትሰብራለች። የሦስታችሁንም እጅ አይቻለሁ። ፕሮፌሰሩ የሞቱበት አምፑል ግን አንገቱ ተፈረካክሶ ደም ነክቶታል። የሰበረው ሰው አምፑል የሚሰበርለት እንጂ የሚሰብር አይደለም። አሥራ አምስት ዓመት ሙሉ መድኃኒቱን ሌላ ሰው ሲቀዳለት የኖረ ነው። ዶክተር፣ እጅዎን ለሁሉም ያሳዩ።»

ምክትሉ እጃቸውን ከኪስ አላወጡም። «ወረቀት ነው አልኩሽ!»

አንቱታውን ቀድመው የጣሉት እሳቸው ናቸው፤ ከዚህ ወዲያ እኛስ ለማን ብለን እንጠብቀዋለን?

«ደሙ ምርመራ ላይ ነው» አለች መርማሪዋ። «የወረቀት መሆኑን ያኔ እናያለን። ነገሩ እንዲህ ነው። ከትምህርቱ ወጥተህ ወደዚህ መጣህ። መድኃኒቱን አነሳህ፣ ደብተሩን በእርሳስ ሞላህ፣ ወደ ቢሯቸው ገባህ። ተኝተው ይሆናል፣ ወይም 'ግሉኮሱን ላስተካክልልዎት' ብለሃቸው አመስግነውህ ይሆናል። ያመኑት ፈረስ ይጥላል በደንደስ። እሳቸው ሲሞቱ ወንበሩ ላንተ፣ እሷ ስትታሰር ቦታው ለልጅህ።»

ምክትሉ ተነሳ። ፖሊሱ በሩን ዘጋው።

«ሥርዓት ይኑር ነው ያልኩት!» ብሎ ጮኸ። «ልጄ ተመርቃለች! ጋውኗን ግድግዳ ላይ ሰቅላ እያየች ዓመት ሙሉ ስታለቅስ እኔ ነኝ የሰማኋት። ይቺ ከየት መጥታ ነው? ገና ወረቀት የላትም! እንድትባረር መክሬያለሁ፣ ለምኜያለሁ። ሰውዬው አልሰማ አለኝ!»

መርማሪዋ ደብዳቤውን አንሸራትታ ፊቱ አደረሰችለት። «ወረቀት አላት። ሁለት ሰዓት ላይ ደርሷል። አራት ሰዓት ላይ መርፌውን ስትወጋ ነገሩ ካለቀ ሁለት ሰዓት አልፎታል። ፕሮፌሰሩን ገብተህ ብትጠይቃቸው ኖሮ ይነግሩህ ነበር።»

ምክትሉ ደብዳቤውን አነበበ። እንደገና አነበበ። ከዚያ ወንበሩ ላይ ዘጭ አለና ጣቱ በፕላስተር በታሸገው እጁ ፊቱን ሸፈነ። ሲያለቅስ ያሳዝናል ማለት ይቻል ነበር፤ ነገር ግን ያዘነለት ሰው በዚያ አዳራሽ አልነበረም።

ይዘውት ሲወጡ ከልጅቷ ፊት ቆመ። «አንቺ አሁንም አልተመረቅሽም» አላት።

«እኔም ሰባት ዓመት ተምሬአለሁ» አለች ልጅቷ። ዓይኗን አልሰበረችም። «ከልጅዎ ምንም አልሰረቅኩም።»

ምክትሉን ከወሰዱት በኋላ ሬዚደንቱ ጫማውን ያያል። መርማሪዋ ደብተሩን ብብቷ ውስጥ ሸጉጣ ወደ እሱና ወደ ሲስተር ዞረች።

«ላም ባልዋለበት ኩበት ስትለቅሙ ዋላችሁ» አለች። «ሁለታችሁም በብዕር ስትጽፍ አይታችኋታል። የእርሳሱን መስመር ስታዩ አንዳችሁ እንኳ 'ለምን?' አላላችሁም። አለማወቃችሁ አይደለም፤ እሷ እንድትሆን ስለፈለጋችሁ ነው።»

ከበሩ ስትደርስ ልጅቷን ትከሻዋን ያዝ አደረገቻት።

«ቅዳሜ ማን ይመጣልሻል?»

«ማንም» አለች ልጅቷ። «እናትና አባቴ የሉም። እሳቸው ነበሩ እመጣለሁ ያሉኝ።» ይህን ስትል ቀኑን ሙሉ ለራሷ ስታለቅስ የዋለችው ልጅ ለመጀመሪያ ጊዜ ለእሳቸው አለቀሰች።

መርማሪዋ ሄደች። ሬዚደንቱም ግድግዳ ግድግዳውን ይዞ ወጣ። ሲስተር ወንበሮቹን እያንኳኳች ወደ ቦታቸው መመለስ ጀመረች፤ ተቆጥታ እንደሆነ ከአያያዟ ያስታውቃል። በማን እንደተቆጣች ግን እሷም የምታውቅ አይመስልም።

«ስንት ሰዓት ነው?» አለች ቀና ሳትል።

«ምኑ?»

«ምርቃቱ ነዋ! ሌላ ምን አለ?»

«ሦስት ሰዓት።»

ሲስተር የመጨረሻውን ወንበር ጠረጴዛው ሥር ገፋችው። «ቅዳሜ ተረኛ ነኝ» አለች። «እቀይራለሁ።»