ጠግቤያለሁ ያለው ድብ

ሕግ ሕግ ነው፤ ጠመንጃ ጠዋት ጠዋት ሰው ላይ ሳይፈተን ከካምፑ አይወጣም። ስለዚህ አስጎብኚዋ መይሙና ጠመንጃውን ጋሽ ውብእሸት ደረት ላይ ደገነችና ዳቦዋን እየገመጠች፣

"እንብላ ጋሼ" አለቻቸው።

"ብዪ ልጄ፣ ጠግቤያለሁ።"

ውሸታቸውን ነው። አዲስ አበባ በራሪው ሚኒባስ ላይ ከወጡ ጀምሮ ውሃ እንኳ አልቀመሱም። ጠመንጃው ወደ ሆዳቸው ትንሽ አዳመጠና ማህተም እንደሚመታ ሰው በደረቀ ድምፅ ተናገረ።

"ሆዱ ባዶ ነው። አፉ ጠግቤያለሁ ይላል። ሰው ነው። ተቆልፏል።" ቀጭ!

ቀጥላ ድንጋይ ላይ ደገነች። "እንብላ" አለችው ድንጋዩን። ድንጋዩ ዝም። "ሰው አይደለም። ክፍት ነው" አለ ጠመንጃው። መይሙና ወረቀቷ ላይ ጭረት አደረገችና ጠመንጃውን ለጋሽ ውብእሸት አስረከበች።

ሰደፉ ውስጥ ያለችው፣ ጠመንጃው ሰው ላይ እንዳይተኮስ የምትቆልፈው የባቄላ ፍሬ የምታክል ዕቃ "ህሊና" ትባላለች። ድሮ ሰውን በመልኩ መለየት ይቻል ነበር አሉ። አሁን ግማሹ ሕዝብ እግሩን ቀይሯል፣ ሌላው እጁን፤ ወገቤን አመመኝ ብሎ የግመል ገላ ገዝቶ የሚሄድ ነጋዴም አለ። ታዲያ መሐንዲሶቹ ሰው ብቻ የሚያደርገውን ነገር ፍለጋ አስር ዓመት ለፉ። ሂሳብ ቢሉ ማሽን ይበልጣል። ዘፈን ቢሉ ወፍ አለች። በመጨረሻ አንዷ መሐንዲስ ምሳ ሰዓት ላይ ጓደኞቿን እያየች፣ "እየራበው ጠግቤያለሁ የሚል ሌላ ምን ፍጡር አለ?" አለች። ነገሩ በዚያው ተዘጋ።

ጋሽ ውብእሸት ስለ ህሊና ግድ የላቸውም። እሳቸው የመጡት ድብ ሊገድሉ ነው።

አርባ ዓመት ሙሉ አዲስ አበባ ውስጥ ባለ ስድሳ ፎቅ ሕንፃ ላይ አሳንሰር ሲጠግኑ ኖረዋል። ቀኑን ሙሉ ጨለማ ጉድጓድ ውስጥ በገመድ ተንጠልጥለው፣ መፍቻቸውን እንደ ጠመንጃ ደግነው "ዘራፍ!" ይላሉ። ድምፃቸው ከስድሳኛ ፎቅ እስከ ምድር ቤት ያስተጋባል። ነዋሪው ለምዶታል፤ "ዛሬም ድብ ገደሉ" ይባባላል። ታዲያ አምና፣ በቁማቸው የሚያሾፉባቸው የሚስታቸው ወንድም፣ ባለ ወርቅ ጥርሱ ጋሽ ላቀው፣ ባሌ ደርሰው የድብ ጥፍር አንገታቸው ላይ አንጠልጥለው መጡ! ከዚያ ወዲህ አሳንሰር ውስጥ ሲገናኙ ጋሽ ላቀው አይናገሩም። ጥፍሩን ነካ ነካ ያደርጋሉ። በቃ። ጋሽ ውብእሸት ሃምሳ አራተኛ ፎቅ እስኪደርሱ ደማቸው ይፈላል።

ሌላም ጣጣ አለ። ሰባ ዓመት ለሞላው ሰው ጠመንጃ አይሰጥም። ጋሽ ውብእሸት ሰኞ ሰባ ይሞላቸዋል። ዛሬ ቅዳሜ ነው።

"ዛሬ ካልሆነ በቃኝ ማለት ነው" አሏት ለመይሙና፣ ሐረና ጫካ እየገቡ። "ገባሽ? መፍቻ ደግኜ ልሞት ነው።"

"ይሆናል ጋሼ" አለች መይሙና፤ እውነቱን ለመናገር ግን እርግጠኛ አልነበረችም። አስጎብኚ ከሆነች ገና አራተኛ ቀኗ ነው።

ድብ በኢትዮጵያ አልነበረም። አሁን አለ። ሳይንቲስቶቹ ከሩቅ አገር በረዶ ውስጥ ከወጣ አጥንት አሥራ ሁለት አሳድገው ጫካው ውስጥ ለቀቋቸው። መይሙናን ግራ ያጋባት ቁጥሩ ነው። ባለፉት ሰባት ዓመታት አርባ ሦስት አዳኞች ጥፍር ይዘው ተመልሰዋል። ድቦቹ ግን ዛሬም አሥራ ሁለት ናቸው።

የጠባቂዎቹን አለቃ ኦቦ ቃሲምን ጠይቃቸው ነበር።

"ይዋለዳሉ" አሏት።

"ሁሉም ወንድ ናቸው እኮ!"

"ታዲያ እኔ ምን ላድርግ? አንቺ ዝም ብለሽ ወደ ሰባተኛው ድብ ውሰጃቸው። ደግሞ ምሳ ብዙ ያዢ" ብለው ሳቁ። ምን እንዳሳቃቸው አልነገሯትም።

ድቦቹ አንገት ላይ "ልሳን" የሚባል ቀበቶ አለ፤ አውሬው የሚሰማውን ወደ ቃል ቀይሮ ለጠባቂዎች ይልካል። የሚልከው ቁም ነገር መስሏችሁ እንዳይሆን። "ራበኝ"፣ "እንቅልፌ መጣ"፣ "ጀርባዬን በላኝ"፣ አለቀ። የሰባተኛው ልሳን ግን ተበላሽቷል። መይሙና መዝገቡን ስታይ፣ "በተገላቢጦሽ ይሠራል፤ የጠባቂዎችን ሬዲዮ ለድቡ ያሰማል። መለዋወጫ ሲመጣ ይጠገናል" የሚል አገኘች። የተጻፈው ከስምንት ዓመት በፊት ነው።

ሲሄዱ፣ ሲወጡ፣ ሲወርዱ ስድስት ሰዓት ሆነ። ጋሽ ውብእሸት ዳገቱ ላይ ቁና ቁና ተነፈሱ። "ተሸከሚኝ" ማለት ስላፈሩ በየአሥር እርምጃው ቆመው ዛፍ ያደንቃሉ። በመጨረሻ አንድ ሰፊ ቋጥኝ ላይ ተቀመጡና ምሳ ተፈታ፤ በቅቤ የራሰ ጨጨብሳ፣ ላዩ ላይ የባሌ ማር። ጠመንጃው ጉልበታቸው ላይ ነው። እጃቸው ሳህኑ ላይ ነው። አፋቸው ሙሉ ነው።

ቁጥቋጦው ተንኮሻኮሸ። ድቡ ብቅ አለ።

የሚኒባስ ግማሽ ያክላል። ትከሻው ላይ ቅጠል ተለጥፏል። አሥር እርምጃ ላይ ቆሞ ያያቸው ጀመር።

ጋሽ ውብእሸት ይህችን ደቂቃ አርባ ዓመት ተለማምደዋታል። መጀመሪያ መተንፈስ፣ ከዚያ መደገን፣ ከዚያ "ዘራፍ!"፣ ከዚያ መተኮስ። ደገኑ። ትንፋሻቸውን ሳቡ። አፋቸውን ከፈቱ። ከአፋቸው የወጣው ግን፣

"እንብላ!"

መይሙና ትን አላት።

ምን ያድርጉ? ሰው እየበላ ቆሞ ሲያዩት ሌላ ምን ይባላል? ቃሉ ከእናታቸው ጡት ጋር የገባ ነው። ሳያስፈቅድ ወጣ።

ድቡ ራሱን ዘንበል አደረገ። ልሳኑ ተንጫጫና ሬዲዮ ከሚያሰማበት ድምፅ ማጉያው ወፍራም፣ ትሁት ድምፅ ወጣ።

"ኧረ ብሉ፣ ብሉ። እኔ አሁን በላሁ።"

ወዲያው ሆዱ አጉረመረመ። ቀላል ማጉረምረም አይደለም። ወፎች ከዛፍ ተነሥተው በረሩ።

"ሆዱ ባዶ ነው" አለ ጠመንጃው። "አፉ ጠግቤያለሁ ይላል። ሰው ነው። ተቆልፏል።" ቀጭ!

"ምን ሰው ነው!" ጋሽ ውብእሸት ጮሁ። "ድብ ነው! ዓይንህ የት ነው? አራት እግር! ጠጉር በጠጉር!"

"ስለ ጠጉር አልተጠየቀም" አለ ጠመንጃው።

"የኔም አጎት ጠጉራም ነው" አለች መይሙና።

"አንቺ ደግሞ ዝም በይ! ክፈቺልኝ ይህን ዕቃ! ሰኞ ሰባ ይሞላኛል እኮ!"

መይሙና መመሪያውን አገላበጠች። "እ... ፈተናው ይደገማል ይላል። እንደገና ይጋብዙት። ዘሎ ሳህኑን ከጨበጠ አውሬ ነው፣ ይከፈታል።"

"ጥሩ!" ጋሽ ውብእሸት ላባቸውን ጠረጉ። "አንተ! ና ብላ!"

"እግዜር ይስጥልኝ፣ አላስቸግርዎ" አለ ድቡ።

"አንቱ አለኝ" አሉ በሹክሹክታ። "ሰምተሻል? አንቱ አለኝ።"

"ይድገሙት ጋሼ፣ ይድገሙት።"

"ብላ እንጂ! አንድ ጊዜ ብቻ! በሞቴ!"

ይህን ጊዜ ድቡ ትንሽ አሰበ። "ኧረ እርስዎ አይሙቱ" አለ። "ይሙት የተባልኩት እኔ መስሎኝ።"

ጋሽ ውብእሸት ጠመንጃውን አዩት። ድቡን አዩት። ጆሯቸው ቀላ። ከዚህ በኋላ እንኳ ትንሽ ማፈር ነበረባቸው፤ ግን ጥፍሩ አለ፣ ላቀው አለ፣ ሰኞ አለ።

"እንግዲህ አታስለምነኝ!" አሉ ድምፃቸው እየተሰበረ።

አራተኛ ልመና ነው። ድቡ ቀስ ብሎ መጣ። ሳህኑ አጠገብ ተቀመጠ። ከዚያ፣ አይታችሁልኛል፣ በፊት ለፊቱ ካለው ጠርዝ፣ ከደረቁ በኩል፣ በጥፍሩ ጫፍ ትንሽዬ ቆርሶ በላ። ማር ያለበትን አልነካም።

"ከበፊቱ ይልቅ ሰው ነው" አለ ጠመንጃው። "ሁለት ጊዜ ተቆልፏል።" ቀጭ! ቀጭ!

ጋሽ ውብእሸት ጠመንጃውን ሣሩ ላይ አስቀመጡና ፊታቸውን አዞሩ። ለካ ሰባ ሊሞላው የደረሰ ሽማግሌም እንደ ሕፃን ያኮርፋል።

"ማን አስተማረህ ይህን ሁሉ?" አለችው መይሙና።

"ኦቦ ቃሲም ምሳ ሲበሉ ሬዲዮአቸውን አይዘጉም" አለ ድቡ። "ስምንት ዓመት ሰማሁ። መጀመሪያ እምቢ ይባላል። ሁለተኛም እምቢ ነው። ከዚያ በኋላ ትንሽ ይበላል። ከጠርዝ።" ወደ ጋሽ ውብእሸት አየ። "እሳቸው ለምን አይበሉም?"

"አዝነው ነው።"

ድቡ ይህንንም የሚያውቀው መሰለ። ማር ካለበት በኩል ወፈር ያለ ጉርሻ ጠቀለለ። ያን ካራ የሚያክል ጥፍሩን አስከትሎ ወደ ጋሽ ውብእሸት አፍ አስጠጋ። መይሙና ዓይኗን ጨፈነች።

"ብሉ" አለ ድቡ። "እንግዲህ አታስለምኑኝ።"

ጋሽ ውብእሸት ጥፍሩን አዩት። አፋቸውን ከፈቱ። ጎረሱ። አኘኩ። ከዚያ እንባቸው ጢማቸው ላይ ዱብ ዱብ አለ።

"ያለፈው ዓመቱ ሰውዬም አልቅሷል" አለ ድቡ። "ወርቅ ጥርስ ያለው። በቅቤ የታሸ ጭኮ ይዞ መጥቶ።"

ጋሽ ውብእሸት ማኘካቸውን አቆሙ። "ምን አልክ? ላቀው?"

"ስሙን አላውቅም። ሦስቴ ለመነኝ። እርስዎ ይበልጣሉ፣ አራት ነው።"

"ታዲያ ጥፍሩን ከየት..."

ድቡ ተነሣና አንድ ያረጀ ግንድ ሥር ቆፈረ። ተሰብረው የወደቁ ጥፍሮቹን በቅጠል ሸፍኖ አስቀምጧል። መርጦ፣ አፈሩን በምላሱ ጠርጎ፣ ትልቁን ጉልበታቸው ላይ አኖረላቸው።

"ባዶ እጅዎን አልሸኝዎትም" አለ። "አርባ ሦስት ሰው መጥቷል። ሁሌም ምሳ ሰዓት ጠብቄ ነው የምወጣው። አፋቸው ሙሉ፣ እጃቸው ጠመንጃ ላይ። አንድም ሳይጋብዘኝ የቀረ የለም። ለምን እንደሆነ ግን እስካሁን አልገባኝም። እናንተ ታውቃላችሁ?"

ጋሽ ውብእሸት ማሩን ወደ ድቡ ገፋ አደረጉ።

ማታ ካምፕ ሲደርሱ ኦቦ ቃሲም ቅጹን ሰጧት። ከሥሩ የድሮዎቹ ነበሩ። አርባ ሦስቱም ላይ በአንድ እጅ ጽሕፈት፣ "ሰባተኛው ድብ፦ ተገደለ" ይላል። ዋናው መሥሪያ ቤት አንዱ ድብ አርባ ሦስት ጊዜ እንዴት ይሞታል ብሎ አልጠየቀም። መይሙና እስክሪብቶዋን አነሣችና አርባ አራተኛውን ጻፈች።

እሑድ ሃምሳ አራተኛ ፎቅ፣ ጋሽ ውብእሸት ቤት ጭፈራው ቀለጠ። ጥፍሩ ከእጅ ወደ እጅ ዞረ። ጎረቤቱ እልል አለ፣ ባለቤታቸው ቅቤ አምጥተው ራሳቸው ላይ አኖሩ። "ገዳይ! ገዳይ!" አሳንሰሩ ሳይቀር ሁለት ጊዜ ተንቀጠቀጠ፤ እሱ ግን ስለ ተበላሸ ነው።

ጋሽ ላቀው ሰው እየገፉ መጡ። ጋሽ ውብእሸት ጠበቁ። አሁን አንድ ነገር ይላል፣ አሁን ያጋልጠኛል ብለው ቆሙ። ጋሽ ላቀው ጥፍሩን አይተው፣ ዓይናቸውን አይተው፣ ወደ ጆሯቸው ጠጋ አሉ።

"ወፍሯል?"

ጋሽ ውብእሸት ግራ ቀኙን ቃኙ። "ምንም አይልም" አሉ በሹክሹክታ። "የጭኮህን ነገር አንሥቷል።"

የጋሽ ላቀው ወርቅ ጥርስ ብልጭ አለ።

ይህን ጊዜ የጎረቤት ልጅ፣ ያቺ ምላሳሟ፣ ሰዉን ሰንጥቃ መጣችና "ጋሼ፣ ድቡ መጨረሻ ላይ ምን አለ?" አለቻቸው።

ጋሽ ውብእሸት ቅቤው ግንባራቸው ላይ እየወረደ ወደ መስኮቱ አዩ።

"ጠግቤያለሁ አለ።"

ሰዉ በሳቅ ፈረሰ። ጋሽ ላቀው ብቻ አልሳቁም። አንገታቸው ላይ ያለውን ጥፍር በመዳፋቸው ይዘው፣

"ውሸቱን ነው" አሉ።