ኡዘይር የጎረሰው ተምር

ኡዘይር ምንጣፉ ላይ እንደተቀመጠ ግድግዳውን ተደግፎ ሞቷል። ጊዜው በ1998 ዓ.ም. የረመዳን የመጀመሪያ ቀን፣ ሰው ጾሙን በፈታበት ሰዓት ነው። «መርዝ ገደለው» ሲባል ጎንደር አላመነም፤ ኡዘይር መርዝ የሚለይ ሰው ነበርና። ለዚሁ ስጦታው የልዩ ተሰጥኦ ክትትል ጽሕፈት ቤት መዝግቦ አሥራ ሁለት ዓመት በየሳምንቱ ሲያስፈርመው ኖሯል። መንግሥት ያልመዘገበው ስጦታ ዘንድሮ የት ይገኛል?

ኢንስፔክተር ዳግማዊት አጎንብሳ አየችው። የተምር ፍሬ አፉ ውስጥ አለ፤ ጣቶቹ ግን ንጹሕ ናቸው።

«ማን አጎረሰው?»

«እኔ ነኝ» አለች ሚስቱ ራቢዓ። «ከተጋባን ጀምሮ የመጀመሪያውን ቀን ጾም የማስፈታው እኔ ነኝ።»

«ራሷ አመነች፤ ሌላ ምን ትፈልጊያለሽ?» አለ የሟቹ ወንድም ሷሊሕ።

«አሽትቶ እኮ ነው የጎረሰው! መርዝ ቢኖርበት በአፍንጫው ያውቀው ነበር» አለች ራቢዓ።

«እኔንም የገረመኝ እሱ ነው» አለ ሷሊሕ።

በክፍሉ የነበረው ሦስተኛው ሰው አድማሴ ነበር፤ የጽሕፈት ቤቱ ሠራተኛ፣ የኡዘይር ተቆጣጣሪና የልብ ወዳጅ። ከሁሉም አብልጦ ያለቀሰው እሱ ነው።

«መርዝ የሚለየው በምንድን ነው?» አለችው ዳግማዊት።

«በአፍንጫው ነዋ» አለ አድማሴ።

በማግስቱ ከቀብር መልስ ሦስቱን እዚያው ክፍል ሰበሰበቻቸው።

«የጽሕፈት ቤቱን መዝገብ አነበብሁት» አለች። «‹የሚለየው በቀኝ እጁ ሲነካ ብቻ ነው፤ ማሽተቱ ሰው ማሳሳቻ ነው› ይላል። ወንድሙ አያውቅም፣ ሚስቱም አታውቅም። የጻፉት እርስዎ ነዎት፣ አቶ አድማሴ። ታዲያ ትናንት ለምን ዋሹኝ?»

አድማሴ ዓይኑን ወደ ምንጣፉ ጣለ።

«ገዳዩ ተምሩ የኡዘይርን እጅ እንዳይነካ ፈልጓል። ወይዘሮ ራቢዓ፣ ተምሩን ማን አመጣው?»

«አያ አድማሴ። ትልቋን መርጦ ‹ይችን ለሱ› ብሎ ሰጠኝ።»

«አምና እርስዎ ቢሮ የሞተችው ሌላዋ ባለ ስጦታ ካሰች ከመዝገብ ሰርዙኝ ብላ ነበር። ያን ቀን ሊፈርም የመጣው ኡዘይር የጠጣችበትን ብርጭቆ በእጁ እንዳነሳ የፖሊስ መዝገብ ይላል። ያወቀውን ለማን ነገረ?»

«ለእኔ ብቻ» አለ አድማሴ ቀስ ብሎ። «ካሰችን የገደልኋት በበላይ ትእዛዝ ነበር። ኡዘይርን ዝም በል ብዬ ለመንሁት፤ እንቢ አለ።»

ያመኑት ፈረስ ይጥላል በደንደስ ይባላል። ኡዘይር ግን ሲወድቅ እንኳ ማን እንደጣለው አላወቀም፤ ከሞቱ ይልቅ ይሄ ያንገበግባል።

ሷሊሕ ራቢዓን ቀና ብሎ ማየት አቃተው። እሷ የምታየው አድማሴን ነበር።

«አሥራ ሁለት ዓመት ከቤቴ በልተሃል፣ አያ አድማሴ። ምነው በእኔ እጅ?»

«ከሌላ ሰው እጅ አይጎርስም ነበር» አለ አድማሴ።