የተለቀለቀው ፈረስ

እታለማሁ ከትምህርት ቤት አዲስ ወደሚገቡበት ቤት ስትደርስ እናቷ ግድግዳው ላይ የተሳለውን ፈረስ ከኮቴው እስከ ጆሮው በእበት ለቅልቃው ነበር።

«እማ! ኧረ በሥላሴ! ምን ነካሽ?»

«ምን ነካኝ? የሙት ቤት እኮ ነው፤ ሳልለቀልቅ ልጆቼን አላስገባም!» አለች ይታይሽ፣ እጇ እስከ ክርኗ እበት ሆኖ።

ለነገሩ ይታይሽ ምን ታድርግ? ዘንገና ሐይቅ አጠገብ ያሳደጓት እናቷም አያቷም የሙት ቤት ሳይለቀልቁ ገብተው አያውቁም። ይሄ ግን እንደ ሌላው ቤት አይደለም። ከዳንግላ ጥንታዊ ቤቶች አንዱ፣ የአንድ ሟች ደጃዝማች እልፍኝ ነው፤ መንግሥት ያስጠብቀዋል። የግቢው ዘበኛ አድማሴ፣ የእታለማሁ አባት፣ ስንት ጊዜ ደጅ ጠንቶ ነው ጓዳው ለቤተሰቡ መኖሪያ የተፈቀደለት። «ሥዕሉ ከተነካ ግን ትወጣላችሁ» ተብሏል። ለጽዳት ተከፍቶላቸዋል፤ ቁልፉን የሚረከቡት ግን ዛሬ የመንግሥቱ ሹም መጥተው ካዩት በኋላ ነው። የኪራይ ቤታቸው ጣራ ያፈሳል፤ ትንሹ ልጃቸው ክንዴ ክረምቱን ሙሉ ሲያስል ከርሟል።

«እኔ አሳመርኩት እንጂ መች ነካሁት?» አለች ይታይሽ። አሁን ግን ድምፅዋ ፈራ ተባ ይል ጀመር።

ሳይቆይ አድማሴ ከሹሙ ከግራዝማች ውቤ ጋር መጣ። ግራዝማች ከደጃፉ ቆመው ወደ ጨለማው ጓዳ አሻግረው አዩ።

«ፈረሱ የታለ?»

አድማሴ ግድግዳውን ሲያይ አመዱ ቡን አለ። «ዝናብ… ዝናብ ገብቶ አጥቦት ነው፣ ጌታዬ።»

ግራዝማች ወደ እታለማሁ ዞሩ። «አንቺ ተማሪ ነሽ። እስቲ ንገሪኝ፤ እውነት ነው?»

አባቷ በዓይኑ ለመናት። ክንዴ ደጅ ባወረዱት ጓዝ ላይ ተኝቶ ያስላል። «አዎ» ብትል እኮ አለቀ! እበቱ ደርቆ ያድራል፤ እነሱም እዚሁ ያድራሉ።

«ዝናብ አይደለም፤ እኛ ነን የለቀለቅነው» አለች እታለማሁ። «ገና እርጥብ ነው። አሁኑኑ ከታጠበ ይወጣል።»

«ወይ አንቺ ልጅ!» አለ አባቷ።

ግራዝማች ውቤ ገብተው እርጥቡን እበት በጣታቸው ነኩ። «መጀመሪያ እበቱ መውጣቱን አያለሁ» ብለው ሊሰጧቸው ያወጡትን ቁልፍ ወደ ኪሳቸው መለሱ።

ይታይሽ የፈታችውን ጓዝ መልሳ ታስር ጀመር። እታለማሁ እንባዋን በክንዷ ጠረገችና እንስራውን አዝላ ወደ ምንጩ ወረደች።