በሰማያዊው አውቶቡስ የሄደው አደራ

አውቶቡሱ በሩን ዘግቶ ሲነሳ አሪጅ ትከሻዋ ቀለል አላት። እጇን ወደ ጎኗ ሰደደች፤ የለም። ወደ ጀርባዋ ሰደደች፤ ያለው የራሷ ቦርሳ ብቻ ነው። ሰማያዊው አውቶቡስ በሴኡል የመኪና ጎርፍ ውስጥ ገብቶ ሲርቅ የእትዬ ሙሉሸዋ አደራም አብሮት ሄደ። ክው ብላ ቀረች።

«ኧረ ይህን ሕዝብ ተመልከቺ!» አለ አባቷ ሁሴን፣ ምንም ሳያውቅ። «ይሄ ሁሉ ሰው ይተራመሳል፣ አንዱ ካንዱ ጋር አይጋጭም። ሱብሃነላህ!»

ሁሴን ካልጋሪ ውስጥ የከተማ አውቶቡስ ሹፌር ነው። አስራ ሁለት ዓመት ሙሉ ሰውን ወደሚሄድበት ሲያደርስ ኖሮ ራሱ ተሳፋሪ ሆኖ መስኮት ጥግ የተቀመጠው ገና ዛሬ ነው። ከአዲስ አበባ፣ ከአጎቷ ሰርግ ሲመለሱ ርካሹ ትኬት በሴኡል የሚያዞር ሆነና እስከ አመሻሹ በረራ ድረስ አንድ ሙሉ ቀን ተረፋቸው። ሌላ ሰው ቢሆን ኤርፖርት ወንበር ላይ ተጋድሞ ያሳልፈው ነበር። ሁሴን ግን «አላህ የሰጠንን ቀን ተኝተን አንጥለውም» ብሎ ልጁን እየጎተተ ወጣ። ቤተ መንግሥቱንም ማማውንም እናያለን ብለው ነበር፤ እሱ ግን ልቡ የሄደው ወደ አውቶቡሶቹ ነው። ከአንዱ በወረዱ ቁጥር ፊት ለፊቱ ቆሞ ፎቶ ያነሳል። አሪጅ አስራ አራት ዓመቷ ነውና ይህን ባደረገ ቁጥር የማታውቀው ሰው ለመምሰል ራቅ ብላ ትቆማለች። አሁንም ከአውቶቡሱ ዘላ የወረደችው ከዚያ ፎቶ ለመሸሽ ስትቸኩል ነበር።

አደራው አንድ ዳቦ የሚያህል፣ ዙሪያውን በክር የተሰፋ የነጭ ጨርቅ ጥቅልል ነው፤ በትንሽ የጨርቅ ከረጢት ይዛው ነበር። እትዬ ሙሉሸዋ ካልጋሪ ውስጥ፣ ቴምፕል በሚባለው ሰፈር ጎረቤታቸው ናቸው። እናትና አባቷ ሁለቱም ሺፍት ሲገቡ ያበሏትም፣ የቤት ሥራዋን ያሠሯትም፣ ሲያስፈልግ የተቆጧትም እሳቸው ናቸው። አዲስ አበባ ያሉት እህታቸው ጥቅልሉን ሲሰጧት «አደራ ጥብቅ፣ ሰማይ ሩቅ! ሻንጣ ውስጥ እንዳትከቺው፣ ከጎንሽ አይለይ» ብለዋት ነበር። ውስጡ ምን እንዳለ አልጠየቀችም። የሰው አደራ አይከፈትም፤ ይህን ማንም ቁጭ አድርጎ ሳያስተምራት ታውቀዋለች።

ለአባቷ መንገር ፈራች። ስልኳን አውጥታ ለጓደኛዋ ለሮሚ ጻፈች። ካልጋሪ ገና ትናንት ማታ ነው፤ ሮሚ ወዲያው መለሰች።

«ኦ ማይ ጋድ! ካስተምስ ወሰደው በያቸው። ኤቭሪባዲ እንደዛ ነው የሚለው። ሁ ኢዝ ጎይንግ ቱ ቼክ?»

እውነቷን ነው። የስንቱ አክስት ቅቤ፣ የስንቱ እናት ቋንጣ በጉምሩክ ተሳብቦ «ካስተምስ ወሰደው» ተብሎ ቀርቷል! ይህን ሲሰሙ ሰዎቹ ከንፈራቸውን ይመጥጣሉ፣ ፈረንጅን ይረግማሉ፣ ነገሩ በዚያው ያልቃል። አሪጅ ስልኳን ኪሷ ከታ አባቷን ተከትላ ወደ ገበያው ገባች።

ገበያው ሌላ ቀን ቢሆን አፏን ያስከፍታት ነበር። ካልሲ በክምር፣ ዓሣ በክምር፣ እንፋሎት፣ ጩኸት፣ ጋሪ። ሁሴን ማር የመሰለ ነገር በውስጡ የያዘ ትኩስ ቂጣ ገዛና ለሁለት ገምሶ ትልቁን ለእሷ ሰጣት።

«ታውቂያለሽ አሪጅዬ» አለ ጣቱን እያቃጠለው እየሳቀ፣ «ዓመቱን ሙሉ እኔ ስገባ አንቺ ተኝተሻል፣ አንቺ ስትነሺ እኔ ወጥቻለሁ። ሰርጉ ላይም እንግዳ ሳስተናግድ አላየሁሽም። ዛሬ ግን ቀኑን ሙሉ አብረን ነን። አልሐምዱሊላህ!»

ለእሱ ያማረ ቀን ነው፤ ከተናገረች የምታበላሸው እሷ ናት። ዝም ካለች ደግሞ ይህን ሁሉ ምስጋናውን የሚያወርደው በውሸት ላይ ነው።

«አባ… የእትዬ ሙሉሸዋን አደራ አውቶቡሱ ላይ ረሳሁት።»

«የቱ አውቶቡስ ላይ?»

«የመጣንበት። ላይክ፣ አንድ ሰዓት ሊሆነው ነው። ፈርቼ ነው ያልነገርኩህ። ሶሪ አባ።»

ሁሴን ከንፈሩን ነከሰ። አሪጅ ቁጣውን ጠበቀች። እሱ ግን ጣቱን በሱሪው ጠረገና ስልኩን አወጣ።

«ይኸውልሽ፣ ቁጥሩም ታርጋውም አለ» አለ ፎቶውን እያሳያት። «እኔ መስመሬን ስጨርስ ወንበር ለወንበር ሳላይ አልወርድም። ይሄም ሹፌር ነው፤ ያየዋል ኢንሻአላህ። ነይ!»

«ቤተ መንግሥቱስ? ማማውስ?»

«ስንት መቶ ዓመት የቆመ ቤተ መንግሥት ዛሬ የት ይሄዳል? ነይ አልኩሽ።»

ገበያው መግቢያ ላይ ቀይ ጃኬት የለበሰች፣ እንግዳ የምትረዳ ወጣት አገኙ። ፎቶውን አየች፣ ደወለች፣ ጠበቀች፣ እንደገና ደወለች። ከዚያ የሚሄዱበትን በወረቀት ላይ በትልልቁ ጻፈችላቸውና አውቶቡሱ እስኪመጣ አብራቸው ቆማ ራሷ አሳፈረቻቸው። ሁሴን አሥር ጊዜ አመሰገናት፤ እሷም አሥር ጊዜ ጎንበስ አለችለት።

የአውቶቡሶቹ መናኸሪያ ከከተማው ዳር ነበር። ቢሮው ውስጥ መነጽር ያደረጉ ጠና ያሉ ሴት ተቀምጠዋል፤ ከኋላቸው መደርደሪያው ላይ፣ ከጃንጥላና ከምሳ ዕቃ መሃል፣ ነጩ ጥቅልል አለ። አሪጅ ልትጮህ ምንም አልቀራትም።

ሴትየዋ በስልካቸው እያስተረጎሙ ጠየቁ። «ውስጡ ምንድን ነው?»

አሪጅና አባቷ ተያዩ።

«አናውቅም» አለች አሪጅ።

«የናንተ አይደለም?»

«የኛ ነው። ማለት… የኛ አይደለም። የአደራ ነው።»

ስልኩ ይህን እንዴት አድርጎ እንደተረጎመው እንጃ፣ ሴትየዋ ግን ቅንድባቸውን አነሱ። የማን እንደሆነ ሳያረጋግጡ መስጠት አይችሉም፤ መከፈት አለበት። ሁሴን አመነታና በአንገቱ ምልክት ሰጠ። መቀሱ ስፌቱን አንድ በአንድ ሲበጥስ አሪጅ የሰው ቤት በር ገንጥላ የገባች ያህል ተሰማት።

ከውስጡ ያረጀ፣ ሁለት ጥርሱ የተሰበረ የእንጨት ሚዶ ወጣ። አብሮት የታጠፈ ደብዳቤ ነበር። ሴትየዋ ደብዳቤውን ወደ አሪጅ ገፉት። ቅዳሜ ቅዳሜ በአማርኛ ትምህርት ቤት እንደተማረችው ጣቷን ከመስመሩ ሥር እያስኬደች አነበበች።

«ሙልዬ፣ እማዬ ሁለታችንንም ያበጠረችበት ሚዶ ነው። እኔ ዘንድ ብዙ ቆየ፤ አሁን ተራው ያንቺ ነው። ለማንም አልሰጥም ብዬ ነበር። የሁሴንን ልጅ አሪጅን ሳያት ግን ልቤ አረፈ። ታማኝ ልጅ ናት፤ አመስግኝልኝ።»

ጣቷ «ታማኝ» የምትለው ቃል ላይ ቆመ። ሴትየዋ ስልካቸውን ደብዳቤው ላይ አነጣጥረው የተጻፈውን ስም ፓስፖርቷ ላይ ካለው ጋር አስተያዩ። ከዚያ ፈገግ ብለው ሚዶውን መልሰው የተተረተረውን ጨርቅ በፕላስተር አሸጉና ከደብዳቤው ጋር በሁለት እጃቸው አቀበሏት። ሁሴን ለሹፌሩ መልእክት ተወ፦ «የካልጋሪ ሹፌር ያመሰግንሃል በሉልኝ።»

ቤተ መንግሥቱንም ማማውንም አላዩም። አውሮፕላኑ ላይ ሁሴን ከመቀመጡ አንቀላፋ። አሪጅ ጥቅልሉን እቅፏ ላይ አድርጋ ስለዚያች ባለ ቀይ ጃኬት ወጣት፣ ፊቱን ስላላዩት ሹፌር፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ አንድም ጊዜ ስላልተቆጣት አባቷ አሰበች። በሕይወቷ እንደዚያ ቀን ሰው አመስግና አታውቅም።

ማክሰኞ አመሻሽ ላይ ከሴኡል ተነስተው፣ በሰዓቱ ልዩነት ካልጋሪ የገቡት እዚያው ማክሰኞ ከሰዓት ነው። ሁሴን መኪናውን ቤታቸው ፊት ለፊት ፓርክ አድርጎ ሻንጣ ማውረድ ሲጀምር እትዬ ሙሉሸዋ ከደጃፋቸው ላይ ሆነው ተጣሩ። አሪጅን አቅፈው ስመው ሲያበቁ ጥቅልሉንና ደብዳቤውን ተቀበሉና ፕላስተሩን በጣታቸው ዳሰሱት።

«ውይ! ካስተምስ ቀደዱት አይደል? እነሱ ምን ያልቀደዱት አለ! ግድየለም የኔ ልጅ፣ ዋናው መድረሱ ነው።»

አንገቷን ብትነቀንቅ ይበቃ ነበር። አባቷ ከመኪናው አጠገብ አንድ ጊዜ ቀና ብሎ አያትና ወደ ሻንጣው ተመለሰ። እትዬ ሙሉሸዋ ሚዶውን ገና አላዩትም፤ ደብዳቤው ግን እጃቸው ገብቷል፣ በሌላ እጃቸው ኪሳቸው ውስጥ መነጽራቸውን ይፈልጋሉ።

አሪጅ እጇን በቀስታ ደብዳቤው ላይ አደረገች።

«እትዬ፣ ይህን ከማንበብዎ በፊት የምነግርዎት ነገር አለ። ካስተምስ አይደለም፤ እኔ ነኝ።»

እትዬ ሙሉሸዋ «በይ ግቢና ንገሪኝ» ብለው በሩን ወለል አድርገው ከፈቱላት። አሪጅ ጫማዋን አውልቃ ገባች።