የገናው ማይክራፎን

ወይዘሮ ፀሐይወርቅ ቁርስ ከመቅመሳቸው በፊት ከሦስት በረሃ ጋር ይነጋገራሉ። መቶ አለቃ ማኑሄ አጠገቡ ከተቀመጠ ሰው ጋር ለመነጋገር እንኳ እስከ ረፋድ ይቆያል። እርሳቸው ደልደል ያሉ፣ ሳቃቸው ከራሳቸው ቀድሞ ከክፍል የሚወጣ የሃምሳ ሁለት ዓመት ሴት ናቸው። እርሱ ቀጭን፣ እያንዳንዱን ቃል ከግምጃ ቤት ፈርሞ የሚያወጣ የሚመስል ወጣት የፖሊስ መርማሪ ነው። ታኅሣሥ 24 ቀን 1990 ዓ.ም.፣ ዓርብ ጠዋት፣ ሁለቱ ጎፋ በሚገኝ አንድ የውኃ ጉድጓድ ቆፋሪ ድርጅት የሬዲዮ ክፍል ውስጥ ጎን ለጎን ቆመው አንድ ባዶ ቦታ ይመለከቱ ነበር።

ማይክራፎኑ የለም።

ሬዲዮው አለ። ባትሪው አለ። የግድግዳው ሰዓትም አለ። በሬዲዮው ጎን ተሰክቶ የነበረው፣ ጨብጠው የሚናገሩበት ማይክራፎን ብቻ ተነቅሎ ተወስዷል።

«ሌባው ትንሿን ዕቃ መረጠ» አለ ማኑሄ።

«ትልቋን ነው እንጂ! ያለ እርሷ እሰማለሁ እንጂ መናገር አልችልም። እኔን ደግሞ ሰው ሁሉ ያውቀኛል፤ ዝም በይ ከምባል ብታሰር ይሻለኛል።»

በዚህ መካከል ሬዲዮው አንኮሻኮሸና አንድ የጎረምሳ ድምፅ ወጣ።

«አዲስ፣ አዲስ፣ ጎዴ ነኝ፤ ወጋየሁ ነኝ። እናቴ ዘንድሮ በምን እንቆቅልሽ ነው የምትጀምረው? ፍንጭ ስጡን እንጂ! ኦቨር።»

የወይዘሮ ፀሐይወርቅ እጅ ሳያስቡት ወደ ባዶው ቦታ ሄዶ ተመለሰ።

«አዲስ፣ አትሰሙኝም? ኦቨር።»

መልስ የሚሰጠው አልነበረም። ማኑሄ ድምፁ እስኪጠፋ ድረስ ጠበቀ።

«ስለ የትኛው እንቆቅልሽ ነው የሚያወራው?»

ወይዘሮ ፀሐይወርቅ ወንበር ስበው አስቀመጡትና ነገሩት። ጎዴ፣ መተማና ያቤሎ ላይ አርባ ቆፋሪዎች አሉ። በዓልን ከቤተሰባቸው ጋር ማክበር አይችሉም። ስለዚህ ከአራት ዓመት በፊት አንድ ጨዋታ ፈጠሩላቸው። በገና ዕለት ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ ቤተሰቦቻቸው እዚህ ግቢ ይሰበሰባሉ፤ ሦስቱ ካምፖች በሬዲዮ እንቆቅልሽ ይጋጠማሉ። ያልቻለ አገር ይሰጣል። የአሸናፊው ካምፕ ሰዎች ለጥምቀት ቤታቸው ይገባሉ።

«አምና መተማ ተሸንፎ ለጎዴ ያቤሎን ሰጠ» አሉ እየሳቁ። «ያቤሎዎች ደግሞ አየር ላይ ገብተው ‘እኛ እዚሁ ሆነን እየሰማን ማንን አስፈቅዳችሁ ነው የምትሰጡን!’ ብለው ሲጮኹ ግቢው በሳቅ ፈረሰ። መቶ አለቃ፣ ሰው ከድንጋይ ጋር ሲታገል ከርሞ እንደዚያ ሲስቅ ሰምተህ ታውቃለህ?»

ማኑሄ አልሰማም ነበር። ቢሰማ ደስ እንደሚለው ግን ለራሱ ማመን ጀመረ።

«መለዋወጫ የላችሁም?»

«ያቤሎ ተልኳል። ሥራ አስኪያጁ ማይኩ እስከ ሰኞ ካልተገኘ ከእንግዲህ ሬዲዮው ለሥራ ብቻ ነው፤ የገና ጨዋታ የሚባል ነገር ለዘለቄታው ቀርቷል ብለውኛል።» ሳቃቸው ጠፋ። «አርባ ሰው ነው፣ ልጄ። ዓመቱን ሙሉ ያችን አንድ ጠዋት ነው የሚጠብቁት።»

ማኑሄ ሬዲዮውን ዞረው። መሰኪያው አልተቆረጠም፤ በጥንቃቄ ተፈትቶ ተነቅሏል።

«ዛሬ ሲገቡ ሬዲዮው እንዴት ነበር?»

«እንደ ልማዱ በጥልፍ ጨርቁ ተሸፍኖ። ትናንት ከሰዓት ሥራ አስኪያጁ ዘንድ ለአሥር ደቂቃ ወጥቼ ነበር። ያኔ መሆን አለበት።»

«በሩን ሳይቆልፉ?»

«የገና ሰሞን በሬን ቆልፌ አላውቅም።»

ሌባው መልሶ አልብሶታል። ነገሩ ቶሎ እንዳይታወቅ ይሆናል። ሬዲዮው አቧራ እንዳይገባበት የሚሳሳ ሰውም ሊሆን ይችላል። ማኑሄ ሁለቱንም ማስታወሻ ደብተሩ ላይ ጻፈ።

የበር ጠባቂው የዕለት መዝገብ አጭር ነበር። በዚያ ሰዓት ወደ ሬዲዮ ክፍል የገቡት ሦስት ናቸው፦ የዕቃ ግምጃ ቤት ኃላፊው ከበበው፣ ሾፌሩ ኑሪ፣ የጎዴው ወጋየሁ ሚስት አረጋሽ። ኑሪና አረጋሽ የመጡት ለጨዋታው የቤተሰብ ስም ለማስመዝገብ ነበር።

መጀመሪያ ከበበው ተጠየቀ።

«ጨዋታው ባትሪ ይጨርሳል ብለህ ለሥራ አስኪያጁ ጽፈሃል።»

«ጽፌያለሁ። ሦስት ጊዜ።»

«ትጠላዋለህ ማለት ነው።»

ከበበው መነጽሩን አውልቆ ጠራረገ። «መቶ አለቃ፣ አንተ መሥሪያ ቤት ሠርተህ አታውቅም? ባትሪው አርጅቷል። ‘ለፀሐይወርቅ አዲስ ባትሪ ይገዛላት’ ብዬ ብጽፍ ማን ይሰማኛል? ‘ይጨርሳል’ ስል ግን ስብሰባ ይጠራል። ይኸው ባለፈው ወር ተገዛ።»

ግምጃ ቤቱ ተፈተሸ። መደርደሪያ ሥር አንድ ማይክራፎን ሲገኝ ወይዘሮ ፀሐይወርቅ እልል አሉ። እልልታቸው ግን ብዙ አልቆየም፤ ከአምና ጀምሮ ጥገና የሚጠብቅ፣ ሆዱ ባዶ የሆነ አሮጌ ዕቃ ነበር።

ቅዳሜ ጠዋት ወደ ኑሪ ቤት፣ መካኒሳ አቦ ሄዱ። የኑሪ ወንድም መተማ ነው፤ አምና የተሸነፈው ካምፕ። ቂም ይኖር ይሆን? ገና ከበሩ ሳይደርሱ ጩኸት ሰሙ። ባል፣ ሚስትና ጎረቤት በሁለት ጎራ ተከፍለው እየተለማመዱ ነበር።

«ፖሊስ ነኝ» አለ ማኑሄ።

«ፖሊስ ከሆንክ መልስልኛ!» አለች የኑሪ ሚስት። «እንቆቅልህ!»

ማኑሄ ወደ ወይዘሮ ፀሐይወርቅ ዞረ። እርሳቸው ጣራውን ማየት ጀምረዋል።

«ምን... አውቅልሽ።»

«ውኃ ፍለጋ ይወርዳል፤ ጭቃ ለብሶ ይወጣል፤ እሱ ግን ጠጥቶ አያውቅም።»

አሰበ። በምርመራ ላይ መሆኑን ረስቶ አሰበ።

«አላወቅሁትም።»

«አገር ስጠኝ!»

«ጅማን ሰጠሁሽ።»

«ጅማ ገብቼ ማሩን በላሁ፣ ቡናውን ጠጣሁ፤ መልሱ የጉድጓድ መሰርሰሪያ ነው! አይ ፖሊስ! ድርጅቱ ግቢ ድረስ ሄደህ ሳታየው ቀረህ?»

ቤቱ ሳቀበት። ኑሪ እያፈረ ይቅርታ ጠየቀ። ማኑሄ ሲወጣ ግን ከንፈሩ ፈገግ ብሎ ነበር።

«እንዲህ የሚለማመድ ሰው ጨዋታውን አይገድልም» አለ።

«አረጋሽማ እንዴት ትሆናለች?» አሉ ወይዘሮ ፀሐይወርቅ። «የአራት ዓመቱ ጨዋታ ሁሉ የተከፈተው በአማቷ ነው። እማማ ይርገዱ ከሬዲዮ ጣቢያ የበለጡ ናቸው! ማይኩን ይዘው ‘እንቆቅልህ፣ ልጄ’ ሲሉ ጎዴ ያለው ሁሉ ልጃቸው ይሆናል።»

ማኑሄ ደብተሩን አውጥቶ ከአረጋሽ ስም ሥር አሰመረ።

ፉሪ ሲደርሱ ከአረጋሽ ቤት ድምፅ አይሰማም ነበር። ጨዋታውን የምትከፍት ሴት ቤት፣ ለገና አራት ቀን ሲቀር፣ የሚለማመድ የለም። ግቢው ውስጥ፣ በደረቀው መሬት ላይ፣ ድንኳን የተተከለባቸው ትኩስ ጉድጓዶች በአራት ማዕዘን ይታያሉ። ከአጥሩ ሥር ቁጥር የተጻፈባቸው ሁለት አግዳሚ ወንበሮች ተደራርበዋል።

አረጋሽ ደማቅ አረንጓዴ ቀሚስ ለብሳ ወጣች። ልብሱ የሌላ ሰው ነው፤ እጅጌው ከክንዷ አጥሯል። በአንገቱ ሥር ጥቁር ጨርቅ ብቅ ብሏል።

«እማማ ይርገዱ አሉ?» ሲል ጠየቀ ማኑሄ።

«ጠበል ሄደዋል።»

«የት?»

«ሩቅ ነው።»

«መቼ ይመለሳሉ?»

«ለገና... ይደርሳሉ።»

ማኑሄ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «እኅቴ፣ የእድሩን ወንበር መቼ ነው የምትመልሱት?»

አረጋሽ በሁለት እጇ አፏን ያዘች። ወይዘሮ ፀሐይወርቅ ወንበሮቹን አዩ። የድንኳኑን ጉድጓዶች አዩ። ከዚያ መሬት ላይ ተቀመጡ።

ከውስጥ ጢማቸው ያደገ፣ ጥቁር ጋቢ የደረቡ ሽማግሌ ወጡ፤ የሟቿ ባል፣ የወጋየሁ አባት፣ አባባ እንግዳ ናቸው። በእጃቸው በፎጣ የተጠቀለለ ነገር ይዘዋል። ገልጠው ማይክራፎኑን ለወይዘሮ ፀሐይወርቅ አቀበሉ።

«ሁለት ሳምንት ሆናት» አሉ። «ሐና ማርያም ቀበርናት። ዕቃውን ግን ምራቴ እንደወሰደችው ያወቅሁት ዛሬ ጠዋት ነው።»

አረጋሽ ተንበረከከች። «እትዬ፣ ይማሩኝ። መርዶ በንጋት፣ ዘመድ ተሰብስቦ፣ ሰው እጁን ተይዞ ነው የሚረዳው። ወጋየሁ ግን የመጀመሪያውን ቃል ከእናቱ ነው የሚጠብቀው። እርሳቸው ካልተናገሩ ወዲያው ያውቀዋል። በሦስት በረሃ ሰው ሁሉ እየሳቀ፣ ብቻውን፣ በሬዲዮ ይረዳ? ማይኩ ከጠፋ ጨዋታው ይቀራል፤ ሲመጣ እንነግረዋለን አልኩ።»

«ለምን ለእኔ አልነገርሽኝም?»

«በየጠዋቱ ያነጋግሩታል። እርስዎ ደግሞ መዋሸት አይችሉም፤ ድምፅዎ ያሳብቃል።»

እውነት ነበር።

«ሰው ቢጎዳስ?» አለ ማኑሄ። «በሁለት ቀን ውስጥ አንድ ካምፕ ሐኪም ቢፈልግ ማን ይመልስለት ነበር?»

አረጋሽ ቀና አለች። ፊቷ ላይ የታየው ድንጋጤ የማስመሰል አልነበረም። «ይህን... ይህን አላሰብኩም።»

ማኑሄ ደብተሩን ገለጠ። ብዙ ሌባ ይዟል፤ ለራሷ አንዳች ሳታስቀር ለሌላ ሰው ልብ ስትል የሰረቀች ግን አላጋጠመችውም። ጥፋቷ ጥፋት ነው። ልቧ ግን አስደነቀው።

«ንብረቱ ተገኝቷል ብዬ እጽፋለሁ» አለ። «መክሰስ አለመክሰሱ የድርጅቱ ፈንታ ነው።»

«ሥራ አስኪያጁን ለእኔ ተወው» አሉ ወይዘሮ ፀሐይወርቅ እንባቸውን እየጠረጉ። «ዛሬውኑ አነጋግራቸዋለሁ። ወጋየሁ ግን ሊነገረው ይገባል። ጨዋታውንም ካላችሁ አስቀረዋለሁ።»

አባባ እንግዳ ወደ ቤቱ ዞረው ተጣሩ። ሁለት ሴቶች ልጆቻቸውና የራሳቸው ወንድም ከውስጥ ወጥተው በሩ ላይ ቆሙ። ሽማግሌው ጋቢያቸውን አስተካከሉ።

«ስሙኝ። ሰኞ በሚበረው አውሮፕላን እኔ ራሴ ጎዴ እሄዳለሁ። አረጋሽም አብራኝ ትሄዳለች፤ መቀመጫውን ወይዘሮ ፀሐይወርቅ ያስይዙልናል። ማክሰኞ ሲነጋ የልጄን እጅ ይዤ እነግረዋለሁ። አብረን እናለቅሳለን።»

«ገናውስ፣ አባባ?» አለች ታናሽየዋ ልጅ።

«በገና ጠዋት እናንተ ጎፋ ግቢ ትሰበሰባላችሁ፤ ጥቁራችሁን እንደለበሳችሁ። ከጎዴ ሆኜ ጨዋታውን እኔ እከፍታለሁ። ልጄ አጠገቤ ይቀመጣል። እናታችሁ ለዘንድሮ ያዘጋጀችው እንቆቅልሽ አለ፤ ለእኔ ነግራኛለች። መልሱን ግን ስንት ብለምናት እንቢ ብላ ነው የሄደችው፤ ሦስቱም ካምፖች ተጋግዘው ይፍቱልኝ።»

ሚስታቸው ከሞቱ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አሉ።

«ካልቻሉ አገሩን ሁሉ ለእርሷ እንሰጣታለን።»