ሰባተኛው ደንብ

ሜትር ከፊት፣ ሉካንዳ ከኋላ ቃሬዛውን ተሸክመው ገደሉን መውረድ ሲጀምሩ ዝናቡ ገና አላባራም። ሜትር ከትግሉ በፊት መሬት ቀያሽ ነበር፤ ሉካንዳ ደግሞ ሥጋ ሻጭ። ቅጽል ስማቸውም ከዚያው የመጣ ነው። ቃሬዛው ላይ የተኛው የሜትር ታናሽ ወንድም ሲሆን፣ ጥይት የሰበረው ጭኑ መሽተት ጀምሯል። ቀዶ ሕክምና የሚችለው ብቸኛ ሐኪም ያለው ከወንዙ ማዶ፣ በሦስተኛው ቀጣና ነው። በሁለት ቀን ካልደረሱ ልጁ አይተርፍም።

ጭቃው እግር ይዞ አይለቅም። አንዴ ሜትር ተንሸራቶ በጉልበቱ ወደቀ፤ ቃሬዛውን ግን አልለቀቀም። ከእግሩ ሥር የተነቀለው ድንጋይ እየተንከባለለ ወረደ፤ ታች ሲያርፍ እንኳ አልተሰማም።

«ጋሼ፣ እኔን እዚህ አስቀምጡኝና ሂዱ» አለ ታናሹ።

«ዝም በል።»

«ተወው ይናገር» አለ ሉካንዳ። «እኔን የሚያስፈራኝ ዝም ያለ ሥጋ ነው።»

ወደ ማምሻው የቁስሉ ሽታ ጅቦችን ጠራ። መጀመሪያ ሁለት ነበሩ፤ ጫካው ውስጥ ሲገቡ አምስት ሆኑ። የመንግሥት ጦር ከበላያቸው ሸንተረሩ ላይ ስለሰፈረ መተኮስ አይታሰብም። ደፋሩ ጅብ የቃሬዛውን ብርድ ልብስ ነክሶ ጎተተ።

«ጅብ ከሚበላህ ጅብን በልተኸው ተቀደስ!» ብሎ ሉካንዳ ዘለለበትና ካራውን አንገቱ ላይ ሻጠበት። ሌሎቹ የወደቀውን ጓዳቸውን ሲሻሙ ሦስቱ ሰዎች አመለጡ። ሜትር ዞር ብሎ ማየት አልፈለገም።

በማግስቱ ረፋድ ላይ ወንዙ ዳር ደረሱ። ወንዙ ሞልቶ ግንድ ያንከባልላል። ቃሬዛው እንዲንሳፈፍ የውኃ ጀሪካኖቻቸውን ደፍተው ከቃሬዛው ግራና ቀኝ አሰሩና ገቡ። መሃል ላይ አንድ ግንድ መጥቶ ቃሬዛውን ገለበጠው። ሜትር ጠልቆ የወንድሙን ፀጉር ጨበጠ፤ ውኃውን እየጠጣ፣ እየተፋ፣ ጎትቶ ማዶ አወጣው፤ ሉካንዳም ቃሬዛውን ይዞ ወጣ። ልጁ ይተነፍሳል። ሜትር አለቀሰ፤ አላፈረምም።

ቀና ሲል የጠመንጃ አፈሙዝ ተደቅኖበታል።

የሦስተኛው ቀጣና ኬላ አዛዥ አጠር ያለች፣ ድምፅዋን የማታነሣ ሴት ናት። «የይለፍ ወረቀት» አለች።

«የሚፈርመው የቀጣናችን አዛዥ ነበር። ከትናንት ወዲያ ሞተ።»

«እንግዲያው ሦስት ቀን እዚህ ተይዛችሁ ትጣራላችሁ። ደንብ ቁጥር ሰባት ነው። ከሌላ ቀጣና ያለ ፊርማ የመጣ ሁሉ ይያዛል።»

«ሐኪሙ እኮ የግማሽ ቀን መንገድ ነው! ልጁ ሦስት ቀን አይቆይም!»

«አውቃለሁ» አለች። ዋርካው ሥር ያሉትን የድንጋይ ክምሮች በእጇ አሳየችው። «እነሱም አልቆዩም። ስድስት ናቸው።»

ሉካንዳ ምራቁን ተፋ። «ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም!»

ሜትር ግን ክምሮቹን አንድ በአንድ ቆጠረ። ድርጅቱ አገሩን በአራት ቀጣና ሲከፍል ድንበሩን በማስመሪያ ያሰመረው እሱ ነው። አንድ ሰርጎ ገብ ሙሉ የታጋይ ጓድ ካስፈጀ በኋላ፣ በዋሻው ቢሮ፣ የጥይት ሣጥን ጠረጴዛ አድርጎ፣ ሻይ እየጠጣ አሥራ ሁለቱን ደንቦች የጻፈውም እሱ ነው። ያኔ ቁስለኛ የሚባል ነገር ትዝም አላለው።

«ደንቡን የጻፍኩት እኔ ነኝ» አለ።

«እዚህ የሚመጣ ሁሉ የሆነ ነገር ነኝ ይላል።»

«ብዕር ስጪኝ።»

በላስቲክ የተጠቀለለውን የደንብ ወረቀት ከደረት ኪሷ አወጣች፤ በእጅ ተጽፎ የተባዛ ነው። ሜትር ከሰባተኛው ደንብ ሥር «ይህ ቁስለኛን አይመለከትም» ብሎ ጻፈ። አዛዧ የላዩንና የታቹን ጽሕፈት እያስተያየች ቆየች። ፊደሎቹ ሁሉ እኩል ወደ ግራ ያዘማሉ።

«ሦስት ቃል» አለች። «የጎደለው ሦስት ቃል ነበር።» ከዚያ ወደ ሰዎቿ ዞረች። «ቁስለኛውን አንሡ! በሩጫ!»

ሜትር ሊከተላቸው ሲል አፈሙዙ ደረቱ ላይ አረፈ።

«አንተ ቁስለኛ አይደለህም» አለችው። «ሦስት ቀን።»

ታናሹ ከቃሬዛው ላይ እጁን ዘረጋ። አልተደራረሱም።

ሁለቱን የኬላው ጎጆ ውስጥ አስገቧቸው። ማታ አዛዧ የስድስቱን ሟቾች ስምና የቤተሰባቸውን መንደር የያዘ ወረቀት አምጥታ ሜትር ፊት አስቀመጠች። «ምን ብዬ እንደምጽፍላቸው ጠፍቶኝ ነው እስካሁን የያዝኩት» አለች። «አንተ መጻፍ ታውቅበታለህ።»

ሁለት ቀን ሙሉ ወረቀቱ ላይ እንዳፈጠጠ ዋለ፤ አንድ ፊደል አልጻፈም። በሦስተኛው ቀን ከሐኪሙ ዘንድ መልእክተኛ መጣ። የልጁ እግር ተቆርጧል፤ ነፍሱ ግን ተርፋለች። ሉካንዳ ሜትርን አቅፎ ከመሬት አነሣው።

«በል ተነሥ! ተለቀናል እኮ፤ ወንድምህ ይጠብቅሃል!»

«አንተ ቅደም» አለው ሜትር። «ይኼን ሳልጨርስ ዓይኑን ማየት አልችልም።»

የመጀመሪያው ደብዳቤ ከዝርዝሩ አናት ላይ ላለው ሟች እናት ነበር። ሜትር ብዕሩን አነሣ።

«እናቴ፣ ልጅዎ የሞተው በጠላት እጅ አይደለም» ብሎ ጀመረ። «የገደልኩት እኔ ነኝ። እንዴት እንደሆነ ልንገርዎት።»